መጀመሪያ አልጋ ግዙ

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ቀሚስ ልታሳጥር ወደ ስፌት ቤቴ መጣች። ስፌት ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ናት። የልጅቷ አማርኛ ጥሩ ነው። ሲቸኩላት ግን ብር የምትቆጥረው በዓረብኛ ነው። ዋሂድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ። ጆሮዬ ቆመ። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት። ካርቱም ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ከእናቷ ጋር በገዳሪፍ አድርገው በመተማ ገቡ። እናቷ ከገቡ በኋላ ታመው አረፉ። አሁን ብቻዋን ናት።

«የት ነው የምትኖሪው?» አልኳት።

«አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ እማማ። ለጊዜው ነው።»

«የምትተኚበትስ?»

«ምንጣፍ አለኝ። ዛሬ ነገ እመለሳለሁ እያልኩ ዕቃ አልገዛሁም።»

መቀሴን አስቀመጥኩ። ይህንኑ ቃል እኔም ብዬዋለሁ። ገዳሪፍ ላይ፣ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት፣ በሃያ ዓመቴ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። እንደ እሷ አገር ጥለው ለወጡ፣ ወጥተውም ለተመለሱ ሁሉ ነው። እኔ ከደርግ ሸሽቼ 16 ዓመት ሱዳን የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይ ያን ያህል ባይፈጅ ደስ ይለኛል።

አብዮቱ ሲመጣ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ አልጠላነውም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ከተማው በደስታ ወጣ። እኔም ከተማሪው ጋር እየዘፈንኩ ዞሬያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ያኔ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ዘምቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ እናቴ በጓሮ ታከራያቸው የነበሩት ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የምንበላው ከዚያ ኪራይ ነበር። ወንድሜ ከዘመተበት «እማዬ፣ ለብዙኃኑ ሲባል ነው» ብሎ ጻፈላት። እሷም ዝም አለች። ልጇን ታምነው ነበር።

ወንድሜ ሲመለስ ብዙ ነገር ተለውጧል። ጓደኞቹ ኢሕአፓ ሆነዋል። እሱም ሆነ። እኔ ስለ ፖለቲካ የማውቀው ትንሽ ነው። የሠራሁት ሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በደብተሬ መሃል ወረቀት ይዤ ሄጄ ለአንድ ልጅ ሰጥቻለሁ። ያ ግን በቂ ነበር። ቀይ ሽብር ሲታወጅ «አናርኪስት» ለመባል ከዚያ ያነሰም ይበቃ ነበር። አሰሳ መጣ። የስብሰባ ላይ ማጋለጥ መጣ። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ። ኅዳር 1970 ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። ከሳምንት በኋላ መገደሉን ሰማን። ሬሳውን አልሰጡንም። ማልቀስም ክልክል ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጣና ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ገብታ ነበር የምታለቅሰው። ነጠላዋ ረጥቦ ነው የምትመለሰው።

በጥር፣ ደብተሬን የተቀበለኝ ልጅ ተያዘ። እናቴ በዚያው ሌሊት ወሰነች። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፍኩበትን ወረቀት አጥፋ በቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው። ፀጉሬን እንደ ገጠር ልጅ ሠራችኝ። አንድ ነጋዴ ዘመዳችን የይለፍ ወረቀት ከየት እንዳገኘ እስካሁን አላውቅም። ለቅሶ ልትደርስ የምትሄድ የእህቱ ልጅ ተብዬ ወደ ጎርጎራ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርኩ። ዘጌን አለፍን። ደቅን አለፍን። ቁንዝላ አረፍን። ደልጊ ላይ ወረድኩ። እናቴ ወደቡ ድረስ አልመጣችም። ሰው እንዳይጠረጥር ነው። የተሰነባበትነው ጓዳ ውስጥ፣ ሳንናገር ነው። ያኔ ያየኋት የመጨረሻ ሆነ።

የእግር መንገዱን አላስረዝመውም። ስለ ስደት የሚጻፈው ሁሉ መንገዱ ላይ ያተኩራል። እኔ ግን መንገዱ ቀላሉ ክፍል ነበር እላለሁ። መንገድ ላይ የምታደርገው ግልጽ ነው፤ ትሄዳለህ። ሌሊት እየሄድን፣ ቀን ጥሻ ውስጥ እየተኛን በጣቁሳ በኩል ወደ ቆላው ወረድን። ዘጠኝ ሌሊት ፈጀብን። መተማ ስንደርስ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 የወደቁበት ምድር ይሄ ነው ሲሉ ሰማሁ። በትምህርት ቤት የተማርኩት ቦታ ነው። ቆሜ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። ማዶው ገላባት ነው።

እዚያ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ።

መዝጋቢው ስሜን ሲጠይቀኝ የሴት አያቴን ስም ሰጠሁት። የፈራሁት ለእናቴ ነው። ስሜ ባሕር ዳር ድረስ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። የአባትም የአያትም ስም ቀየርኩ። መቼ እንደወጣሁ ሲጠይቀኝ «ጥር 1970» አልኩ። ወንድሜ መቼ እንደሞተ ሲጠይቀኝ «ኅዳር 1970» አልኩ። አስተርጓሚው በሁለቱም ላይ 7 ዓመት ደመረና 1977 ብሎ ጻፈ። እኔ ምኑንም አላወቅኩም።

እስቲ አስሉት። በፈረንጆቹ ኅዳር 1970 ማለት 1977 ነው። ጥር 1970 ግን 1978 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ይሆናል። በእኔ ፋይል ላይ ግን ሁለቱም 1977 ሆኑ። ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት እኔ ከአገሬ የወጣሁት ወንድሜ ከመሞቱ አሥር ወር በፊት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ አሜሪካ ለመሄድ ስጠይቅ፣ ጉዳዬን ያዩት ሰዎች «ወንድሟ ስለተገደለ ሸሸሁ ትላለች፤ የሸሸችው ግን ከመሞቱ በፊት ነው» አሉ። በዚያ ላይ ስሜ ከሚኒስትሪ ወረቀቴ ጋር አይገናኝም። ውሸታም ሆኜ ቀረሁ። አንድም ነገር ሳልዋሽ ማለት አልችልም፤ ስሜን ዋሽቻለሁ። ሞቴን ያህል የምፈራውን ነገር ግን አልዋሸሁም ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ። እውነተኛ ስማችሁን ስጡ። የምትፈሩ ከሆነ መፍራታችሁን ተናገሩና ምስጢር እንዲጠበቅላችሁ ጠይቁ። አንድ ትንሽ ደብተር ግዙና ቀኖቻችሁን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የተወለዳችሁበትን፣ ከቤት የወጣችሁበትን፣ ድንበር የተሻገራችሁበትን። አስተርጓሚ እስኪያሰላላችሁ አትጠብቁ። ስማችሁ በላቲንና በዓረብኛ ፊደል መጀመሪያ እንዴት እንደተጻፈ ቅዱና ሁልጊዜ እንደዚያው አጽፉ። አንድ ፊደል ሲቀየር ሌላ ሰው ትሆናላችሁ። የተጻፈላችሁንም ሳትፈርሙ በፊት «አንብቡልኝ» በሉ። ነውር አይደለም።

ገዳሪፍ ትልቅ የእህል ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዋልካ መሬት ነው። ሰሊጥና ማሽላ እስከ ዓይን ጫፍ ድረስ ይታያል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። መጀመሪያ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሊጥ አጨዳ ወጣሁ። ወባ ያዘኝና ተመለስኩ። ከዚያ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ቤት ግቢ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል አገኘሁ። ሐጃ ነበር የምንላት። ክፍሏ ውስጥ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ልብሴን በፌስታል አድርጌ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ያቺ ፌስታል አራት ዓመት ሙሉ ከሚስማሩ አልወረደችም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መመለስን ስጠብቅ ኖርኩ። ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። «ደርግ ለፋሲካ አይደርስም።» ፋሲካ ያልፋል። «ለመስቀል አይደርስም።» መስቀልም ያልፋል። ራዲዮ እንከባለን፤ እንጣላለን፤ እንበተናለን። አንድ መምህር የነበረ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሥራ ሲያገኙለት «ለጥቂት ወር ብዬ አልጀምርም» ይላል።

ከዚያ ወሬው ተቀየረ። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች። ከሱዳን ሐበሻ መውሰድ ጀመሩ። አሁን ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፎርም ሆነ። ማን ፎርም ሞላ፣ ማን ኢንተርቪው ተጠራ፣ ማን አለፈ፣ ማን ሪጄክት ሆነ። እኔም ሞላሁ። በዚህ መሃል አንድ ደላላ «ኬዝሽን አፋጥናለሁ» ብሎ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ወሰደብኝ። ሁለተኛ አላየሁትም። ፎርም አይሸጥም። ይህን ብቻ ያዙ። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው።

ቢሮ ስሄድ «ቡክራ» ይሉኛል። ነገ ማለት ነው። በነጋታው ስሄድ «ቡክራ»። እኔም ሕይወቴን ሁሉ ቡክራ አልኩት። ትምህርት? ስሄድ እማራለሁ። ዓረብኛ? ለምን እማራለሁ፣ የምሄድ ሰው። ድስት? ለሁለት ወር ብዬ ድስት አልገዛም። አሁን ሳስበው፣ መመለስን መጠበቅና መሄድን መጠበቅ አንድ በሽታ ነው። ፊቱ ብቻ ነው የሚለያየው። የሚበላው ግን ያንኑ ዕድሜ ነው። ከ18 እስከ 22 ዓመቴ ያለው ጊዜ የት እንደገባ አላውቅም። ምንም የማስታውሰው ነገር የለም። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለችው ፌስታል ብቻ ትታየኛለች።

በ1974 ሪጄክት መሆኔ ተነገረኝ። ምክንያቱ ከላይ የነገርኳችሁ ነው። ሦስት ቀን ምንጣፌ ላይ ተኛሁ። አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ሐጃ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ተቆጥታለች። ዓረብኛዬ ደካማ ነበር፤ ያለችውን ግን ገባኝ። «አራት ዓመት እቤቴ ኖረሽ እንደ እንግዳ መሬት ላይ ትተኛለሽ። እኔን ታሳፍሪኛለሽ። ተነሺ።» እጄን ይዛ ገበያ ወሰደችኝ።

ሱዳኖች በገመድ የሚጠለፍ የእንጨት አልጋ አላቸው። አንገረብ ይሉታል። ጎንደር ካለው ወንዝ ጋር ስሙ አንድ በመሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። አንዱን መረጠችልኝ። ግማሹን ዋጋ እሷ ከፈለች። ግማሹን በየሳምንቱ እንድከፍላት ተስማማን። በአህያ ጋሪ ጭነን መጣን። ክፍሌ ውስጥ ስናስገባው አለቀስኩ። ያለቀስኩት በደስታ አልነበረም። አልጋ መግዛት ማለት እናቴን ጥዬ መቅረት መስሎ ታየኝ። ወንድሜን የከዳሁት መሰለኝ። ይህ ስሜት ይመጣል። ለሚያነብ ስደተኛ ሁሉ መንገር የምፈልገው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ዕቃ ስትገዙ የከዳችሁ ይመስላችኋል። አልከዳችሁም። እኔ በዚያ ሌሊት ነው ከአራት ዓመት ወዲህ ጫማዬን አውልቄ የተኛሁት።

አዎ፣ ጫማ አድርጌ ነበር የምተኛው። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀበሌ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ገዳሪፍ ላይ ቀበሌ የለም፤ አውቃለሁ። እግሬ ግን አያውቅም። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አልጋው በገባ ማግስት ለሐጃ ነገርኳት። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ደንገሉ፣ ስለ ወረቀቱ። ግማሹ እንኳን አልገባትም ይሆናል። ግን ቡና በዝንጅብል አፍልታ እስከ ማታ ሰማችኝ። አንድ ሰው ፈልጉ። የአገር ሰው ባይሆንም ግድ የለም። እንዲያውም የእኛ ሰው እርስ በርሱ ስለሚፈራ አንዳንዴ የባዕድ ጆሮ ይሻላል።

ሐጃ ሻይ መሸጥ አስጀመረችኝ። አንድ የከሰል ምድጃ፣ ስምንት ብርጭቆ፣ አራት በርጩማ። ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ናዕናዕ፣ ከርከዴ። ዓረብኛን የተማርኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ ቁጥር ተማርኩ። የሌላ አገር ቋንቋ ስትጀምሩ ከቁጥር ጀምሩ። ሰላምታውን ሰው ያስተምራችኋል፤ ቁጥሩን ካላወቃችሁ ግን ትታለላላችሁ። ቀጥሎ «አልገባኝም» እና «ቀስ ብለህ ንገረኝ» የሚሉትን። በስድስት ወር ውስጥ ደንበኞቼን በስም አውቃቸው ነበር። አራት ዓመት ያልገባኝ ቋንቋ በስድስት ወር ገባኝ። ያልገባኝ ከባድ ስለሆነ አልነበረም፤ ስላልፈለግኩት ነው።

በሱዳን ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። እኔ ግን በ1975 ካርቱም ገባሁ። ዴም የሚባለው ሰፈር ሐበሻ የሞላበት ነው። እዚያ ከሻ አለ፤ አፈሳ ማለት ነው። ወረቀት የሌለውን፣ መንገድ ላይ ሻይ የምትሸጠውን ይሰበስባሉ። ሁለት ጊዜ ተይዣለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ምድጃዬንም ብርጭቆዬንም አጣሁ። ያኔ ነው ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ያስፈልገኛል ያልኩት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስፌት በነፃ ያስተምሩ ነበር። ገባሁ። እናቴ የሚኒስትሪ ወረቀቴን የሰፋችበትን ጠርዝ አስታወስኩ። እጅ ለካ ይወርሳል።

ከአሥራ ሁለት ሴቶች ጋር እቁብ ገባን። በየወሩ ዕጣ ይወጣል። የእኔ ዕጣ ሲወጣ አሮጌ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ገዛሁ። በእጅ የሚዞር ነው። ከዚያ ወዲህ ተርቤ አላውቅም። የሠርግ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። የሱዳን ሴቶች ጃላቢያ አሰፍተውኛል። በ1977 በረሃቡ ጊዜ ወገኖቻችን በሺህ እየሆኑ ምሥራቅ ሱዳን ሲገቡ እኛ ዴም ያለነው ልብስ እየሰበሰብን እየጠጋገንን እንልክ ነበር። አንድ ቀን ከዚያው ከገዳሪፍ በኩል የመጣች ሴት «እህቴ፣ እዚህ አገር እንዴት ነው የሚኖረው?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ። ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ለካ መልስ አግኝቼ ኖሯል።

ስለ እናቴ። ደብዳቤ መጻፍ አይቻልም ነበር። ከሱዳን የመጣ ደብዳቤ እሷን ያስይዛታል። በነጋዴ አፍ ነበር የምንሰማማው። አንድ ጊዜ፣ በ1976፣ አንድ ሰው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አመጣልኝ። ፈታሁት። ጥሬ ቡና ነው። ሁለት እፍኝ ይሆናል። «ከዘጌ ነው ብላለች» አለኝ። ሌላ ቃል የለም። ያን ቡና አልቆላሁትም። ከእኔ ጋር ነበር።

በ1980 አንድ ሌሊት ሊነጋ ሲል በር ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈራችን ሐበሾች ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። መርዶ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። እናቴ ከዓመት በፊት ነው የሞተችው። ያን ለት የዘጌውን ቡና ቆልተን አፈላን። ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ሱዳኖቹም መጥተው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። በስደት አገር የሞተባችሁን ሰው «አገሬ ስገባ አለቅሳለሁ» ብላችሁ አታቆዩ። እዚያው አልቅሱ። እዚያው ተዝካር አውጡ። ለወንድሜ ያላለቀስኩትንም ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ከአገር ወጣ ሲባል ሰማን። ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ዴም በእልልታ ተናወጠ። እኔ እልል አላልኩም። ማን ጋ ነው የምመለሰው ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ተኩል አመነታሁ። በኅዳር 1986 ተመለስኩ። የስፌት መኪናዬን ራሷን ብቻ ፈትቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩና እንደ ሕፃን ታቅፌ መጣሁ። ከጎንደር በአውቶቡስ፣ ወረታን፣ ሐሙሲትን አልፈን የአባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ጎኔ ያለው ሰውዬ «ምነው ታለቅሻለሽ?» አለኝ። ያ አሮጌው ድልድይ ነው። አዲሱ የተከፈተው በ2016 ነው።

መመለስ ከመሰደድ ይከብዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስደተኛ ስትሆን ቢያንስ እንግዳ መሆንህን ሰው ያውቃል። ስትመለስ ግን ያገርህ ሰው ስለሆንክ ሁሉን የምታውቅ ይመስላቸዋል። እኔ የዳቦ ዋጋ አላውቅም። አማርኛዬ ውስጥ ዓረብኛ ይገባል። «ሱዳኔዋ» ይሉኝ ጀመር። የወንድሜን ስም ሳነሳ ሰዎች ዓይናቸውን ያሸሻሉ። ያጋለጡትም የተጋለጡትም አንድ ሰፈር ውስጥ ነው የሚኖሩት።

የእናቴ ቤት ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል። ቀበሌው ሰጥቷቸዋል። አራት ልጆች አሏቸው። ሴትዮዋ ቡና አፍልታ አስተናገደችኝ። እሷም ደሃ ናት። ምን ልላት ነው? ቢሮ መመላለስ ጀመርኩ። «ፋይሉ የለም።» «ኃላፊው የሉም።» «ነገ ተመለሺ።» ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዘመድ ቤት መሬት ላይ ነበር የምተኛው። አንድ ቀን ማታ ከቢሮ ስመለስ ጥግ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አየሁት። መኪናዬ እንደተጠቀለለች ናት። ከካርቱም ከመጣሁ ጀምሮ አልፈታኋትም። «ቤቴን ሳገኝ እፈታታለሁ» ብዬ ነበር። ክው አልኩ። ቡክራ ባሕር ዳር ድረስ ተከትላኝ መጥታለች።

በነጋታው ሽምብጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መጀመሪያ አልጋ ገዛሁ። ከዚያ መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አሰርኳት። የተማሪ ዩኒፎርም ጀመርኩ። መስከረም ሲደርስ እስከ ለሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ እሰፋ ነበር። የቤቱን ጉዳይ አልተውኩትም፤ በወር አንድ ቀን ብቻ ሰጠሁት። ሌላው ቀን ሁሉ የእኔ ሆነ። ቤቱን አላገኘሁትም። ዛሬ ያች ሴትዮ ደንበኛዬ ናት። የልጅ ልጆቿን ዩኒፎርም እኔ ነኝ የሰፋሁት።

ዴም የቀሩ ጓደኞቼ ሌላ ነገር ገጠማቸው። ከ1991 እ.ኤ.አ. በፊት የወጡ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ዋስትና በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 1992 ጀምሮ እንዲቆም ተደረገ። የሸሹት መንግሥት ወድቋል ተባለ። 20 ዓመት የኖሩበት አገር ውስጥ በአንድ ጊዜ ወረቀት አልባ ሆኑ። ስለዚህ የስደተኛ ወረቀት የዘላለም አይደለም። እሱ በእጃችሁ እያለ ሌላውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሙያ ሠርተፊኬቱን፣ የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት አስተካክሉ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በዚያች ቀን ቀሚሷን አሳጠርኩላትና ወንበር ሰጠኋት። ብዙ ተነጋገርን። ኢትዮጵያዊት መሆኗን እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። «ካርቱም ተወልጄ እንዴት?» አለችኝ። በዜግነት አዋጁ፣ ቁጥር 378/1996፣ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጅም በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። የተወለደችበት ቦታ አይከለክላትም። የእናቷን አሮጌ መታወቂያ በፌስታል አስቀምጣዋለች። ቀበሌ አብሬያት ሄድኩ። ሁለት ምስክር ይዘን፣ ደብተሯ ላይ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን። ከእሷ ጋር ለመጡት ሱዳናውያን ጓደኞቿም የምነግራቸው አለኝ። የ2011 የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1110፣ በአገራችን ለተመዘገበ ስደተኛ ሥራ የመሥራት መብት ይሰጣል። ዝርዝሩን በተመዘገቡበት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ከደላላ አይስሙ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እኔ ጋ ስፌት ትማራለች። እጇ ቀና ነው። አልጋ እንድትገዛ ግን ወር ሙሉ ለመንኳት። «እናቴን እዚህ ቀብሬ፣ አልጋ ገዝቼ፣ በቃ ቀረሁ ማለት ነው?» አለችኝ። አንገረቡን ስናስገባ ያለቀስኩትን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

ሐሙስ ዕለት እንጨት ቤት አብረን ሄድን። ግማሹን እኔ ከፈልኩ። ግማሹን በየሳምንቱ ትሰጠኛለች። ባጃጁ ላይ በገመድ አሰርነው። የክፍሏ በር ጠባብ ነው፤ አልገባ አለ። የአከራይዋ ልጅ መፍቻ አመጣ። እግሮቹን ፈትተን አስገባነው፤ ከዚያ እሷ ራሷ ገጠመቻቸው።